ፎቶግራፍ አንሺነት እንጀራ ይሆናልን?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በፎቶግራፍ ማኅበሩ ስም የተነገረ)



እንናገርበት ዘንድ የመረጥነው ጕዳይ ከመካከላችን አንዳንዶቹን እንቅልፍ የነሣ፣ በየቤታችንም ከአባቶቻችንና ከእናቶቻችን ጋር ያከራከረን ነው። ይኸውም ሰው ፎቶግራፍ በማንሣት ብቻ ራሱንና ቤተ ሰቡን እያስተዳደረ ዕድሜውን ሊኖር ይችላልን? የሚለው ጥያቄ ነው።

ከእናንተ አንዳንዶቹ «ልጆቹ ለሐኪምነትና ለመሐንዲስነት ሲጠበቁ ስለ ካሜራ ያወራሉን?» ሳትሉ አትቀሩም። እንዲህ ብትሉም አያስከፋንም፤ እኛው ራሳችን ስንጠራጠር ቆይተናልና።

ነገሩ የተጀመረው እንዲህ ነው። የበዓሉን መጽሐፍ የሚያዘጋጀው ኮሚቴ የማኅበራችንን አባሎች ጠርቶ የጥንቱን ፎቶግራፎች ሰብስበን እንድናቀርብ አዘዘን። ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ባለችው ዕቃ ቤት ውስጥ፣ ከተሰበሩ ዴስኮችና ከአሮጌ ካርታዎች ሥር፣ አንድ የብስኩት ቆርቆሮ አገኘን። ስንከፍተው እስከ አፉ ድረስ በሥዕል ተሞልቷል። ባዶ እግራቸውን የተሰለፉ ልጆች፤ ጣሪያው ገና ያልተከደነ ጸሎት ቤት፤ ዋንጫ ይዘው የተንበረከኩ ኳስ ተጫዋቾች፤ ነጠላዋን አጣፍታ በጥቍር ሰሌዳ ፊት የቆመች አንዲት መምህርት። ደስታችን ወሰን አልነበረውም፤ ግን የቈየው ሥዕሎቹን ገልብጠን ጀርባቸውን እስክናይ ድረስ ብቻ ነበር። በአብዛኞቹ ጀርባ አንዲት ፊደል እንኳ የለችም። ስምና ዓመተ ምሕረት የተጻፈባቸው ሰባት ብቻ ሲሆኑ፣ ከሰባቱም በሦስቱ ላይ ያነሣው ሰው ማኅተም አርፎባቸዋል። በመጽሐፉ ውስጥ ከነስማቸው የምታገኟቸው እነዚህን ሰባቱን ነው።

ይህን ጊዜ ስለ አንድ የማሊ ሰው ያነበብነው ታሪክ ትዝ አለን። ሴይዱ ኬይታ ይባላሉ። በባማኮ ተወልደው በልጅነታቸው የተማሩት የአናጢነትን ሥራ ነበር። በ1935 (በዚህ ንግግር ስለ ውጭ ሀገር የምንጠቅሰው ዓመት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው) አጎታቸው ከሴኔጋል ሲመለሱ አንዲት ትንሽ የኮዳክ ካሜራ አመጡላቸው። ወጣቱም ፊልም ማጠብንና ማተምን በከተማው ካሉ ቀደምት ባለሙያዎች ቀስ በቀስ ተምረው፣ በ1948 ከባቡር ጣቢያው ብዙም ሳይርቁ የራሳቸውን የፎቶግራፍ ቤት ከፈቱ። ቦታውን መምረጣቸው ራሱ ብልኅነት ነው፤ በዚያ መሥመር ከዳካር የሚመጣው መንገደኛ ሁሉ ይተላለፍ ነበርና።

መጋረጃ አድርገው ከደንበኛው በስተጀርባ የሰቀሉት የራሳቸውን የአልጋ ልብስ ነበር። ያ ሲያረጅ ሌላ ይሰቅላሉ። ዓመታት ካለፉ በኋላ አንድ ሥዕል መቼ እንደ ተነሣ ለማወቅ የጨርቁን አበባ ማየት ብቻ ይበቃቸው ነበር ይባላል። ለደንበኞቻቸው ኮትና ክራቫት፣ የእጅ ሰዓት፣ ብዕር፣ ራዲዮ ያውሱ ነበር፤ በኋላም መኪናቸው ሳትቀር በሥዕሉ ውስጥ ትገባ ነበር። ደሀው ሰው ለዘመዶቹ የሚልከው ሥዕል ሊሆን የሚመኘውን እንዲያሳይለት ይፈልጋልና።

ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀን ግን ይህ ነው። ፊልም ውድ ስለ ነበረ ኬይታ ለአንድ ደንበኛ የሚያነሡት አንድ ጊዜ ብቻ ነበር። ስለዚህ ድካማቸው ሁሉ ቍልፉን ከመጫን በፊት ነበር። ደንበኛውን ያስቀምጡታል፤ ፊቱን ጥቂት ያዞራሉ፤ እጁን የት እንደሚያሳርፍ ያሳዩታል፤ ትንፋሹ እስኪረጋ ይጠብቃሉ። እኛ ግን የአንዱን ጓደኛችንን ፊት በስልክ አርባ ጊዜ አንሥተን ከአርባው አንዱን እንኳ ሳንመርጥ እናድራለን። ይህንን ስንል አዲሱን መሣሪያ ለመንቀፍ አይደለም፤ ማንም ሰው ወደ ጨለማ ክፍልና ወደ መድኃኒት ማጠቢያ ይመለስ አንልም። ነገር ግን ደንበኛ ገንዘብ የሚከፍለው ለዚያ ለመጠበቁና ለመምረጡ እንደ ሆነ ከኬይታ ተምረናል።

እኒህ ሰው በሚያትሙት ሥዕል ጀርባ ላይ ስማቸው ያለበትን ማኅተም ያኖሩ ነበር፤ ፊልሞቻቸውንም በሣጥን አድርገው ይጠብቁ ነበር። ማሊ ነጻ ከወጣች በኋላ፣ በ1962፣ ለመንግሥት ሥራ ተጠርተው የራሳቸውን ቤት ተዉ፤ በ1977ም ጡረታ ወጡ። ታሪኩ በዚህ ያበቃ ይመስል ነበር። ነገር ግን በ1991 በኒው ዮርክ ከተማ ስለ አፍሪካ ጥበብ ትልቅ ትርኢት ሲከፈት ጥቂት የእርሳቸው ሥዕሎች ከዚያ ተሰቀሉ። የአንሺው ስም ከሥዕሎቹ ጋር አብሮ ስላልደረሰ ከሥራቸው የተጻፈው «ያልታወቀ ፎቶግራፍ አንሺ» የሚል ነበር። ሰውየው ግን በባማኮ በሕይወት አሉ! ሥዕሎቹን ያደነቀ አንድ የፓሪስ ሰው ባለቤቱን ፍለጋ ወደ ማሊ ሄደና ኬይታን ከነፊልሞቻቸው አገኛቸው። በ1994 በፓሪስ ለብቻቸው ትርኢት ተደረገላቸው፤ ስማቸውም በዓለም ተጠራ። ፊልሞቹን አቃጥለው ወይም ጥለው ቢሆን ኖሮ ያ ሰው ባማኮ ድረስ ሄዶ ምን ያገኝ ነበር? በ2001 ካረፉ በኋላም በእነዚሁ ፊልሞች ባለቤትነት ጠብና ክርክር ተነሥቷል። ክርክር ማስነሣቱ የሚያሳዝን ቢሆንም፣ አሮጌ ፊልም ሀብት መሆኑን ግን ያስረዳል።

ከዚህ ቀጥሎ ያልቀናቸውን ሰዎች እናንሣ፤ ብልኅ ከሌላው ስሕተት ይማራልና። በፓሪስ ሙሴ ዲዝዴሪ የሚባሉ ሰው በ1854 በአንድ ብርጭቆ ላይ በርከት ያሉ ትንንሽ ሥዕሎችን የማንሣት ዘዴ አስመዘገቡ። የካርድ ያህል የሆነው ሥዕል ርካሽ ስለ ሆነ ሕዝቡ ጎረፈላቸው፤ እጅግም ባለጠጋ ሆኑ። ጎረቤት ሁሉ ያንኑ መሥራት በጀመረ ጊዜ ግን ከርካሽነት በቀር ሌላ የሚሸጡት ነገር አልነበራቸውምና ሀብታቸው ተበተነ፤ በ1889 ሲሞቱ ድሆች ነበሩ። የአሜሪካው ሚስተር ብሬዲ ደግሞ የርስ በርሱን ጦርነት ለማንሣት ሠራተኛ ቀጥረው ከ100,000 ዶላር በላይ አወጡ። ገዥ ይመጣል ብለው ነበር፤ ነገር ግን ጦርነቱ ካለቀ በኋላ የሞተ ወንድሙን ሥዕል ሊገዛ የፈለገ ሰው አልተገኘም። በ1875 መንግሥት በ25,000 ዶላር ብቻ ገዛቸው፤ እርሳቸውም በ1896 በድህነት አረፉ። ሥራቸው ግን እስከ ዛሬ ድረስ የሀገራቸው ታሪክ ነው። ለታሪክ መትረፍና ለእራት መትረፍ ለካ ሁለት ነገር ነው!

ስለ ኮዳክ ብዙ አንናገርም። በ1888 የወጣችው ካሜራ 100 ሥዕል የሚያነሣ ፊልም ተጐርሶባት በ25 ዶላር ትሸጥ እንደ ነበር፣ ከዚያን ቀን ጀምሮም ቍልፍ መጫን የማንም ሰው ሥራ እንደ ሆነ ብቻ እናስታውሳለን። ይኸው ኩባንያ በ1975 የመጀመሪያውን ፊልም አልባ ካሜራ ከሠሩት ሰዎች አንዱ በራሱ ቤት ውስጥ እያለ፣ በፊልም መሸጥ ላይ ጸንቶ ቈይቶ በ2012 ዕዳ መክፈል አቅቶት ወደ ፍርድ ቤት ሄደ። እንግዲህ «ስልክ መጣና ፎቶግራፍ አንሺን ገደለው» የሚሉት ሰዎች ነገሩ ከ130 ዓመት በላይ የቈየ መሆኑን ቢያውቁት መልካም ነው።

አሁን ደግሞ ስለ ራሳችን እንናገር፤ በሌላው ስሕተት ብቻ መናገር ደግ አይደለምና።

ባለፈው ዓመት በጥር ወር አንድ ጎረቤታችን ሴት ልጃቸውን ሲድሩ «ልጆቼ፣ እናንተ ካሜራ ታውቃላችሁ አይደል፤ እናንተው አንሡልኝ» አሉን። ሦስት ሆነን በ6,000 ብር ተስማማን። ካሜራ ስላልነበረን በ1,500 ብር ተከራየን፤ ለአልበሙና ለኅትመቱ 3,000፣ ለታክሲ 800 ብር ወጣ። የቀረው 700 ብር ነው፤ ለሦስት ሲካፈል ለእያንዳንዳችን 233 ብር ከ33 ሳንቲም ደረሰን። ለዚህም አንድ ሙሉ ቀንና አራት ሌሊት ሠርተናል። እኛ ግን ሒሳቡን ያሰብነው ሥራው ካለቀ በኋላ ስለ ሆነ ትልቅ ነጋዴ የሆንን መስሎን ነበር።

ይህ ቀላሉ ነው። ሠርጉ እሑድ፣ መልሱ ማክሰኞ ነበር። እሑድ ሌሊት ደክሞን ስንለያይ አንዱ ሚሞሪ ካርዱን ሁለተኛው ገልብጦታል ብሎ አሰበ፤ ሁለተኛውም ሦስተኛው ገልብጦታል ብሎ አሰበ። ማክሰኞ ጧት ለመልሱ ስንጣደፍ ካርዱ ሞልቶ አገኘነውና አጠፋነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኛ ግን ያፈሰስነውን የምንለቅምበት አልነበረም። በሌላው ካርድ ላይ የመኪናውና የአዳራሹ ሥዕል ተርፏል። የጠፋው ከቤት የወጣችበት ነበር፤ በዚያም ውስጥ የሙሽራዪቱ አያት በበሩ ላይ ቆመው፣ ሁለት ሰው ደግፏቸው፣ እጃቸውን በራሷ ላይ ጭነው ሲመርቋት ነበር።

ሄደን ለአባትየው ነገርናቸው፤ የተቀበልነውንም ገንዘብ ከየኪሳችንና ከየወላጆቻችን ለቅመን መለስን። እርሳቸው አልተቈጡም። «እማዬ የለችበትም?» ብለው ብቻ ጠየቁን። አያትየው ከፍልሰታ በፊት አረፉ። በቀብራቸው ቀን በድንኳኑ ውስጥ የተቀመጠው ፎቶግራፍ ከቀበሌ መታወቂያቸው ላይ ተነሥቶ የጎላ ጉርድ ፎቶግራፍ ነበር። ከእኛ መካከል አንዱ ከዚያን ቀን ጀምሮ ካሜራ አልነካም፤ እኛም አንወቅሰውም።

የቀረነው ግን አንድ መዝገብ ገዛን። ሥራ ስንቀበል የደንበኛው ስም፣ ቀኑ፣ ዋጋው፣ የተቀበልነው ቀብድ ይጻፋል፤ ካርዱን ማን እንደ ገለበጠው፣ በየትኞቹ ሁለት ቦታዎች እንደ ተቀመጠ ተጽፎ ይፈረምበታል። ይህ ፊርማ ሳይኖር ካርድ አይጠፋም። ነገሩ የቄስ ተማሪ ሥርዓት ይመስላል ብለው የሳቁብን አሉ፤ ይሣቁ።

የተማርነውን ይዘን በከተማችን ካሉት የፎቶግራፍ ቤት ባለቤቶች አንዳንዶቹን እየዞርን ጠየቅን። በልጅነታቸው ፊልም ያጠቡ፣ ዛሬም በኮምፒዩተር የሚሠሩ ሰዎች ናቸው። ያስረዱን ነገር በምንም መጽሐፍ ውስጥ አላገኘነውም። በሀገራችን የፎቶግራፍ አንሺ ዓመት እንደ ገበሬው ዓመት ነው፤ መኸር አለው፣ ክረምትም አለው። በጥር ሠርግ በሠርግ ላይ ይደራረባል። ዐቢይ ጾም ሲገባ ግን ለ55 ቀን በክርስቲያኑ ሰፈር የሚያገባ አይገኝም። ከፋሲካ በኋላ እንደ ገና ይከፈታል፤ በሰኔና በሐምሌ ደግሞ የተመራቂዎች ወራት ይደርሳል። በጥር ያገኘውን በጥር የበላ ሰው በሁዳዴ ካሜራውን ይሸጣል። አንደኛው ባለቤት እንዳሉን፣ እርሳቸውን ያኖራቸው ሠርግ ሳይሆን ጉርድ ፎቶግራፍ ነው፤ ዋጋው ጥቂት ቢሆንም መታወቂያ የማያስፈልገው ወር የለምና። ሌላው ደግሞ ዕቁብ ገብተው፣ ዕጣ ሲደርሳቸው ገንዘቡን ለዕቃ ብቻ ያውሉታል። «ካሜራ እንደ በሬ ነው፤ ያረጃል፤ ሲያረጅ ለመግዛት አታስብ፣ ገና በጕልበቱ ሳለ የተተኪውን ዋጋ አስቀምጥ» አሉን። በ6,000 ብር ሒሳባችን ውስጥ ለዚህ ያስቀመጥነው ስንት ነበር? ምንም!

ሕግ የሚባለውም ነገር አለ። የፎቶግራፍ ሥራ በሀገራችን በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 410/1996 የተጠበቀ ነው፤ ዘመኑም ሥዕሉ ከተሠራበት ጊዜ ጀምሮ 25 ዓመት ነው። ለሥነ ጽሑፍ ደራሲ ሕጉ ዕድሜ ልኩንና ከሞተም በኋላ 50 ዓመት ሲሰጥ ለፎቶግራፍ አንሺው 25 ብቻ መስጠቱ ለምን እንደ ሆነ አስተማሪያችን ሊያስረዱን ሞክረው ነበር፤ እኛ ግን ገና አልተዋጠልንም። በሌላ በኩል ደግሞ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በ27ኛው አንቀጽ ላይ የሰውን ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ማሳየትም ሆነ መሸጥ አይፈቀድም ይላል፤ የታወቁ ሰዎችንና ሕዝባዊ ነገሮችን የሚመለከቱ ልዩ ሁኔታዎች ቢኖሩም። የደንበኛን የሠርግ ሥዕል ሳያስፈቅዱ ለማስታወቂያ በመስኮት የሚለጥፉ፣ በስልክም የሚበትኑ ሰዎች ይህን አንቀጽ ቢያነቡት ይጠቀማሉ። በ1947 ሮበርት ካፓ፣ ካርቲየ ብሬሶን፣ ዴቪድ ሲሞርና ጆርጅ ሮጀር ማግነም የተባለውን ማኅበር ሲያቋቁሙ ዋናው ዐሳባቸው የሥዕሉ መብት በጋዜጣው ሳይሆን በአንሺው እጅ እንዲቀር ነበር። አንድ ሥዕል አንዴ ተሸጦ ካለቀ አንሺው በየቀኑ እንደ ቀን ሠራተኛ ይኖራል፤ መብቱ በእጁ ከቀረ ግን ያው ሥዕል ደግሞ ደጋግሞ ያበላዋል።

«ይህ ሁሉ የውጭ ሀገር ወሬ ነው» እንዳትሉን የእኛንም እንጥቀስ። አርመናዊው በድሮስ ቦያጂያን ወደ ሀገራችን መጥተው በዐፄ ምኒልክ ዘመን የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ሆኑ፤ ልጆቻቸውም ከእርሳቸው በኋላ ይህንኑ ሥራ ወርሰው እስከ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን አደረሱት። አንድ ቤተ ሰብ ከአንድ ትውልድ በላይ በካሜራ ኖረ ማለት ነው። በእኛም ዘመን ወይዘሮ አይዳ ሙሉነህ በ2010 (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር) አዲስ ፎቶ ፌስትን መሥርተው የሀገራችንንና የሌላውን ዓለም ፎቶግራፍ አንሺዎች በአዲስ አበባ አገናኝተዋል። የእርሳቸውን ሥራ በቀለሙ ብቻ ማንም ይለየዋል፤ ቀዩ፣ ቢጫው፣ ሰማያዊው፤ ሌላ ማኅተም አያሻውም።

አባቶቻችንና እናቶቻችን ሆይ፤ ከማኅበራችን አባሎች አንደኛው የሒሳብ አያያዝ ለመማር አስቧል፤ ይህንንም ያሰበው ካሜራውን ለመተው ሳይሆን በዚሁ ለመኖር ነው። ሌላኛዋ ነርስ ትሆናለች፤ ቅዳሜና እሑድ ግን ትሠራለች። ይህን የሚያነብላችሁ በአንድ የፎቶግራፍ ቤት ውስጥ ያለ ደመወዝ ለአንድ ዓመት ሊለማመድ ፈልጎ ለአባቱ ነግሯል። አባቱ ከእናንተ መካከል ተቀምጠዋል፤ መልሳቸውንም እስከ ዛሬ አልሰጡም። እንቢ ቢሉ እንታዘዛለን፤ ይሁን ካሉ ግን መዝገቡን በየወሩ መጨረሻ ራሳቸው እንዲያዩት ቃል ገብተናል።

አሁን አንድ ልመና አለን። በቆርቆሮው ውስጥ የተገኙትን ስም የሌላቸውን ሥዕሎች በቤተ መጻሕፍቱ ረጅም ገበታ ላይ ዘርግተናቸዋል። የቀድሞ ተማሪዎች ከሻይ በፊት ጐራ ብላችሁ እንድታዩልን እንለምናለን። የምታውቁት ፊት ቢገኝ ሥዕሉን ገልብጣችሁ ስሙን፣ ከቻላችሁም ዓመቱን፣ በጀርባው ላይ ጻፉልን። ለስላሳ እርሳስ በየቦታው አኑረናል፤ እስክሪብቶ ግን ቀለሙ ወደ ፊት ዘልቆ ሥዕሉን ያበላሻልና እባካችሁ በኪሳችሁ ይቈይ። በተለይ በጥቍር ሰሌዳው ፊት የቆመችውን መምህርት የሚያውቅ ሰው ካለ፣ እርስዋ በመስኮቱ በኩል ካለው ገበታ ጫፍ ላይ ናት።